የእድራችን ዳኛ ደረጃ ላይ ያጨሳሉ፤ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ከ፦ ሦስተኛ ፎቅ
እሑድ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። ረዘም ያለ ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከእማዬና ከስድስት ዓመት ልጄ ጋር። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው፣ በወር አንዴ ብቅ ይላል። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ካሉት ጠባብ የኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ የሰው አቤቱታ እተይባለሁ። የውርስ፣ የፍቺ፣ የኪራይ። «ከሳሽ» «ተከሳሽ» ስል እውላለሁ። የራሴን አቤቱታ ግን ይኸው ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኛል።

ነገሩ የሲጋራ ጭስ ነው።

ከእኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ ጋሼ ልበላቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። አሰብ ሲመላለሱ ነው ያረጁት። ሲጋራውንም የለመዱት እዚያው መሪ ላይ፣ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ነው ይላሉ። ድሮ በረንዳቸው ላይ ነበር የሚያጨሱት። ያን ያህል አይሰማንም ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ደረጃው ላይ ወጥተዋል። በእነሱና በእኛ ፎቅ መካከል ያለችው መታጠፊያ ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ። አጠገባቸው የቲማቲም ድልህ ጣሳ አለች፣ አመዱን የሚያራግፉባት። ጭሱ ደረጃውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ በር ይመጣል። በሩን ዘጋሁት፤ ከሥር ባለው ክፍተት ይገባል። ፎጣ ወተፍኩበት። እማዬ ፎጣው ጠልፏት ልትወድቅ ስትል ተውኩት።

ሌሊት ደግሞ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ያጨሳሉ። በምን አወቅሽ ትሉኛላችሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ ሳላቸው ይሰማል። ቀጥሎ የላይተሯ ቀጭ ቀጭ። ከዚያ በእኛ መታጠቢያ ቤት የአየር ማስወጫ ሽታው ከች ይላል። ሰዓት መሙላት ትቻለሁ፣ በእሳቸው ነው የምነሳው።

ልጄ አስም አለበት። ባለፈው ረቡዕ ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር ሲል ነቃሁ። በጨለማ ፓፉን ፈልጌ፣ ያችን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ፈልጌ። (የማታውቁ ካላችሁ፣ ጠርሙሱ ቂጡ ላይ የፓፉን አፍ የምታህል ቀዳዳ ይበጅለትና ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይስባል። ነርስ ናት ያሳየችኝ። ትንሽ ልጅ ፓፉን በአፉ ይዞ በልኩ መሳብ አይችልማ።) እስኪረጋጋ ታቅፌው ቁጭ ብዬ ነጋ። እማዬ በበኩሏ በልደታ ቀን ልትስም ስትወጣ ነጠላዋን አሽትታ ተመለሰች። «ሲጋራ ሲጋራ ይላል፣ በዚህ ነው ማርያም ደጅ የምቆመው?» አለች። ሌላ ነጠላ አውጥቼ ሰጠኋት። እሱም ያው ነው።

ንገሪያቸው ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጋሼ የእድራችን ዳኛ ናቸው። አባቴ የሞተ ጊዜ ሌሊት በስምንት ሰዓት በራችንን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ወንበሩን ያስመጡት፣ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ያደሩት እሳቸው። እኔን «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ምን ብዬ ልጀምር?

አንድ ቀን ወኔ መጣልኝና ሥራ ቦታ «ደረጃ ላይ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» ብዬ በትልቁ ተየብኩ። ላሚኔት ሁሉ አደረግኩት። ቤት ስደርስ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደረጃችን ላይ የሚያጨስ ሌላ ሰው የለም። ማስታወቂያው ስም ባይጠራም ስማቸውን መለጠፍ ነው። ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሕግ የምታውቁ፣ ሕጉ ምን ይላል? ይህ የገጠማችሁስ ምን አደረጋችሁ?


ከ፦ የፒያሳ ልጅ

እህቴ፣ የገባሽው ኮንዶሚኒየም ነው እንጂ ቪላ አይደለም። ከሜክሲኮ በሚኒባስ ስትመጪ የምትስቢው ናፍጣ ከሽማግሌው ሲጋራ አይብስም? ተቻቻሉ።


ከ፦ ሦስተኛ ፎቅ

ናፍጣው ልጄ አልጋ ድረስ አይመጣም ወንድሜ። መቻሉንማ ቻልኩት እኮ፣ ሁለት ወር።


ከ፦ ጥቁር ካባ
ሰኞ ጠዋት

እኔም ልደታ ነው የምውለው። ማን ያውቃል፣ የደንበኞቼን ክስ የምትተይቢው አንቺ ትሆኛለሽ።

ሕግ አለ። አንዱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ሰው የሚያውቀው በሬስቶራንትና በመሸታ ቤት ነው። በተዘጋ የሕዝብ መገልገያ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ደጅ ወጥቶ ማጨስም ቢሆን ከነዚህ ቦታዎች በርና መስኮት 10 ሜትር መራቅ አለበት። ሽሻን ጭራሹን አግዷል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሲጋራ መሸጥም አይቻልም። የሰው ሳሎን ውስጥ ግን አይገባም። ሰውየው ቤታቸው ውስጥ ቢያጨሱ በዚህ አዋጅ የሚጠይቃቸው የለም። ደረጃው ግን ሳሎናቸው አይደለም። ጣሪያና ግድግዳ ያለው፣ ስንትና ስንት አባወራ የሚመላለስበት ቦታ ነው። እኔ ብሆን በአዋጁ ሥር ይወድቃል ብዬ እከራከራለሁ።

የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ ለእናንተ የበለጠ ይጠቅማል። በእሱ መሠረት ደረጃውና ኮሪደሩ የጋራ መጠቀሚያ ነው። የቤት ባለቤቶቹ ማኅበርም መተዳደሪያ ደንብ አለው። እኔ ያየኋቸው ደንቦች ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ልብስ ማስጫ፣ ስለ በግ እርድ ብዙ ይላሉ። ስለ ሲጋራ አንድ ቃል የላቸውም። ስብሰባ ጠርታችሁ አንድ አንቀጽ ብትጨምሩ ማንም ስሙ ሳይነሳ ነገሩ ያልቃል።

ለእኔ የሚጥመኝ ግን ሦስተኛው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1225። ያኔ ኮንዶሚኒየም ማንም አያውቅም። ሕጉ ግን ባለ ንብረት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ወደ ጎረቤቱ እንዳይሰድ ያዛል። ጭስ በስሙ ተጠርቷል! ታዲያ እዚያው ዝቅ ብሎ የአካባቢው ልማድ ይታያል ይላል። እሷን ልብ በያት። የእናትሽ እጣንም ወደ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ጭስ ነው። እዚህ አገር ግን «ቡና አፈላችብኝ» ብሎ ዳኛ ፊት የሚቆም አይገኝም።

ክስ አልመክርሽም። ቀጠሮው ሳያልቅ ልጅሽ 12ኛ ክፍል ይደርሳል። የእድር ዳኛ ከሰሽ ደግሞ እዚያ ሕንፃ ላይ መኖር አትችይም። ሕጉን የነገርኩሽ ስትሄጂ ጀርባሽ ቀና እንዲል ነው። ልመና እንዳይመስልሽ።


ከ፦ ጎፋ ነኝ

ዕድለኛ ናችሁ። የኛ ሕንፃ ላይ አንዱ ቤቱን ተከራይቶ ሽሻ ቤት አደረገው። ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደሩ አፕል አፕል ሲል ያድር ነበር። ኮሚቴው ለፖሊስ አመለከተ፣ ዕቃው ተለቅሞ ሄደ። እዚያ ላይ ይሉኝታ ምናምን የለም። የጋሼሽ ጉዳይ ግን ይለያል። ሽማግሌ ላኪ።


ከ፦ ሌሊት ተረኛ
ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት

የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። እረፍት ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅርታ።

የሲጋራ ጭስ ከ7,000 በላይ ኬሚካል አለው። ቢያንስ 70ው ካንሰር አምጪ መሆናቸው የታወቀ ነው። የሌላ ሰው ጭስ በመሳብ ብቻ፣ ራሳቸው ሳያጨሱ፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሞታል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ነው። «ትንሽ ነው፣ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም። ልጅ ደግሞ ከእኛ ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው፣ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ነው። ያልታመመውን ልጅ እንኳ ለጆሮ ሕመምና ለደረት ሕመም ያጋልጠዋል። አስም ያለበትማ ያው እንዳየሽው ነው።

መስኮት መክፈት ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ሽታው ሲጠፋ ያለቀ ይመስለናል። የማይታየው ብናኝ ግን አየር ላይ ይቆያል፤ መጋረጃ፣ ሶፋ፣ ነጠላ ላይ ያርፋል። እናትሽ እውነቷን ነው።

አገራችን ውስጥ አጫሽ ያን ያህል ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአዋቂዎች ጥናት የትምባሆ ተጠቃሚው 5 በመቶ ነበር። አንዳንዴ ሳስበው ለዚህ ይሆናል አነጋገሩን ያልለመድነው። ስለ ሙዚቃ ጩኸት ጎረቤት ጋ ሄደን እናወራለን። ስለ ሲጋራ ስናወራ ግን ሰውየውን ስለ ኃጢአቱ የምንወቅስ ይመስለናል። አንቺ የምትሄጂው ስለ ኃጢአት አይደለም። ስለ አንድ ልጅ ደረት ነው። ፓፉንና ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂ። እኔ ወላጆችን የማስረዳው በንግግር ሳይሆን በዕቃው ነው።

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ልናገር። እማዬ ቡና የምታፈላው የት ነው? በከሰል? ሳሎን ውስጥ? እጣንስ? ልጁ የሚነሳበት ሌሊት ሌሊት ብቻ ነው ወይስ ቡና የተፈላ ቀንም? አንድ ሳምንት ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊ። ሳንባው ጭሱ ከማን ቤት እንደመጣ አይጠይቅም። ከሰል በተዘጋ ቤት ከሲጋራ የማይተናነስ ነገር ነው፣ አንዳንዴም ይብሳል።


ከ፦ ሦስተኛ ፎቅ

እውነት ለመናገር የመጨረሻውን አንቀጽ ሳነብ ተናድጄ ስልኩን አስቀመጥኩት። ከዚያ አነሳሁት። ሳሎን ውስጥ ነው። በከሰል። በቀን ሁለቴ። ካላንደሩን ዛሬ ጀምሬያለሁ።


ከ፦ 22 ዓመት
ማክሰኞ

ስሜ 22 ዓመት የሆነው ያጨስኩበት ስለሆነ ነው። ከአጫሽ ወገን አንድ ሰው ይናገር ብዬ ገባሁ።

ሰው በፍቅር ደረጃ ላይ አያጨስም። ብርድ ነው፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ያይሃል፣ ልጆች አፍንጫቸውን ይይዛሉ። በረንዳ እያለው ደረጃ ላይ በርጩማ ያወጣ አጫሽ ካየሽ ከቤት ተባሮ ነው። እኔን ሚስቴ ያባረረችኝ የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደ ቀን ነው። በረንዳውንም ከለከለችኝ፣ የልጁ መኝታ መስኮት እዚያ ስለነበር። ደረጃ ላይ ስድስት ወር አጨስኩ። የልጄን ሳንባ አዳንኩ ብዬ ስኮራ የጎረቤቴን ልጅ እያጨስኩበት ነበር። ማንም አልነገረኝም። ማስታወቂያ ግን ለጠፉብኝ። ቀድጄ ጣልኩት። እውነቴን ነው፣ በእልህ ያን ቀን ሁለት አጨስኩ።

ከዚያ አንዱ ጎረቤቴ መጥቶ «ስማ፣ ከሮቶው ጀርባ ጣሪያ ያለባት ቦታ አለች፣ ወንበር አስቀምጬልሃለሁ» አለኝ። ሄድኩ። እስከ ዛሬ እዚያ ነኝ። «አታጭስ» ብቻ ከተባልኩ የት ልሂድ?

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሁለት ወር አልሽ። ሰውየው ቤት ሁለት ወር የሆነው ምን ነገር አለ?


ከ፦ ሦስተኛ ፎቅ

ወይ ጉድ!

ልጃቸው ወልዳለች። ለመታረስ እናቷ ጋ መጥታ እነሱ ቤት ነው ያለችው። ሁለት ወር ሆናት። እኔ ራሴ ገብቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ፣ ገንፎውን በልቼ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ወጥቻለሁ እኮ! ከበሩ ስወጣ ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ምነው ብርድ ላይ?» አልኳቸው። «አይ፣ አየር ልውሰድ ብዬ ነው» አሉኝ። አንድም ጊዜ አላገናኘሁትም። የምን ጸሐፊ ነኝ እኔ።


ከ፦ መፍቻ

የቧንቧ ሥራ ነው የምሠራው፣ ኮንዶሚኒየም ብዙ ገብቻለሁ። ስለ ሌሊቱ ጭስ ብቻ ልናገር።

በየመታጠቢያ ቤቱ ከታች ወደ ላይ የሚያልፍ የቧንቧ መተላለፊያ አለ። ብዙ ቦታ ቱቦው ወለሉን በስቶ ሲያልፍ ዙሪያው አይደፈንም። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ያየሁበት ቤት አለ። ሌሊት ውጭው ሲቀዘቅዝ ሞቃቱ አየር በዚያ በኩል ወደ ላይ ይሳባል፣ ልክ እንደ ጭስ ማውጫ። የታችኛው ቤት ሲያጨስ የላይኛው ቤት ይስባል። መመርመሪያው ቀላል ነው። ትንሽ እጣን ለኩሺና በየቱቦው ሥር፣ በየአየር ማስወጫው ያዢው። ጭሱ ሲገፋ ካየሽ ንፋሱ የሚገባው በዚያ ነው። ትልቁን ቀዳዳ በሲሚንቶ፣ ቀጭኑን በሲሊኮን ድፈኚው። አየር ማስወጫውን ግን እንዳትደፍኚ፣ እርጥበቱ ግድግዳውን ያሻግተዋል። ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን አለ፣ እሱን አስገጥሚ። ለበሩ ከሥር የሚለጠፍ ጎማ ይሸጣል፣ መርካቶ ሞልቷል። ፎጣ ተዪ።

ፈጽሞ ይቀራል አልልሽም። ይቀንሳል።


ከ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ እናቴ የምትኖረው በመንግሥት የኪራይ አፓርታማ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ወዲህ በነዚህ ቤቶች ውስጥ ማጨስ በመላ አገሪቱ ተከልክሏል። ደረጃ ብቻ ሳይሆን የራስ መኝታ ቤትም ጭምር። ከሕንፃውም 25 ጫማ መራቅ ግድ ነው፣ ሰባት ሜትር ተኩል አካባቢ መሆኑ ነው። ሽሻም ይጨምራል። ውሉ ላይ ተጽፎ ነው የሚፈረመው።

ደግ ሕግ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እናቴ የምትኖረው ምድር ቤት ነው። አጫሹ ሁሉ ከሕንፃው ሲወጣ የቆመው የት መሰለሽ? እሷ መስኮት ፊት ለፊት ያለው ዛፍ ሥር። ርቀቱን ጠብቀዋል፣ ጥፋት የለባቸውም። ንፋሱ ግን ወደ እሷ ነው። ማመልከቻ ጽፈን አግዳሚ ወንበሩ ወደ መኪና ማቆሚያው እስኪዛወር አንድ ክረምት አለፈ። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ምድር ቤት ማን እንዳለ አስቡ።


ከ፦ ሦስተኛ ፎቅ
ከአሥር ቀን በኋላ

የሆነውን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ጠይቆኛል።

ሽማግሌ አልላክሁም። ሽማግሌ ከላክሁ ጠብ አለ ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ መታጠፊያቸው ላይ ሳሉ ከቤት በርጩማ ይዤ ወጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደንግጠው ሲጋራቸውን ጣሳዋ ውስጥ ተረኮሱ። የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፣ ሳልናገር አጠፉት። እጄ ላይ ያለውን ጠርሙስ አዩና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አሉ። አሳየኋቸው። እንዴት እንደሚሳብ፣ ረቡዕ ሌሊት ምን እንደሆነ። ጠርሙሱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ሾፌር አይደሉ፣ የቀዳዳውን ልክ መረመሩ። «ማን ሠራት?» አሉ። እኔ አልኳቸው። «ጎበዝ» ብለው ዝም አሉ።

ብዙ ዝም አልን። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ልጅቷ ናት ያባረረችኝ። ቤት ውስጥ አይሆንም አለች። በረንዳ አይሆንም አለች። እሺ ብዬ ወጣሁ። አንቺ ቤት መሄዱን መች አሰብኩት ልጄ?» ከዚያ ተቆጡ፣ በእኔ። «ሁለት ወር ሙሉ ከደጄ እያለፍሽ ሰላም ትይኛለሽ። ምን ብዬ ነው የማውቀው? ሰው ለአባቱ እንዴት አይናገርም?» ይህቺ ነካችኝ። ማልቀስ አማረኝ፣ ሳልኩ መሰልኩ።

ለቀኑ ተስማማን። ከጥበቃው ቤት ጎን፣ የቆሻሻ ገንዳው ሳይደርስ፣ ቆርቆሮ የተመታባት ቦታ አለች። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ምክርሽን ሰምቻለሁ፤ ምድር ቤት የማንም መኝታ መስኮት ወደዚያ አይከፈትም፣ ዞሬ አይቻለሁ። አንድ የእድር ፕላስቲክ ወንበር አስወረዱ። የድልህ ጣሳዋም ወረደች። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደረጃውን በቀን አሥር ጊዜ መውጣት መውረድ አይችሉም። እናም በቀን ከአሥር ወደ አራት ወርጃለሁ ይላሉ። ልጃቸው ደግሞ ሰባት ናቸው ትላለች። እኔ አልቆጥርም።

ሌሊቱን ግን አልዋሹኝም። «በ11 ሰዓት ጨለማ ደረጃ ልውረድ ብል ወድቄ ነው የምታገኙኝ። አሰብ መንገድ የጀመርኳት ናት፣ እሷን አልችልም» አሉ። ምን እላለሁ? እሺ አልኩ። ልጁን ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ካለው ክፍል አውጥቼ ከእማዬ ጋር አስተኛሁት። እማዬ ደስ ብሏታል፣ እሱ ግን ታንኮራፋለች ይላል።

ካላንደሩ ላይ ደግሞ ጉድ አለ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ፓፍ ወስዷል። ሁለቱ ሌሊት ነው። ሁለቱ ግን ከሰዓት፣ ቡና ሲፈላ ነው። ለእማዬ አሳየኋት። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። በማግስቱ ጀበናዋን ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣደችው። «ቡና አይባልም ይሄ» አለች፣ ጠጣችው ግን። እጣኑን አልተወችም። በረንዳ ላይ ታጨሳለች። ትናንት ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴትዮ አንገቷን አስግጋ «እናት፣ ልብሴ እጣን እጣን አለ» ስትላት ሰማሁ። እማዬ «ተባረኪ፣ ጥሩ መዓዛ ነው» አለቻት። እሱን ጉዳይ ሌላ ጊዜ።

ማስታወቂያዬስ? ጋሼ እንዴት እንደሰሙ አላውቅም፣ ልጄ ነግሯቸው መሆን አለበት። «አምጪያት እስቲ» አሉ። ቦርሳዬ ውስጥ ተጣጥፋ ጥጓ ተልጧል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ክልክል ነው ብቻ አትበይ። ከጥበቃው ቤት ጎን ቦታ አለ ብለሽ ጨምሪ። ደግሞ የማኅበሩ ማኅተም ይመታባት፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ያነባል» አሉኝ። ቀጣዩ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስለ ደንቡ ራሳቸው ሊያነሱ ነው። ጥቁር ካባ፣ አንቀጿን ብትጽፍልኝ ትየባው በነፃ ነው።

መፍቻ፣ ያንተን እጣን ሞከርኩት። ከሽንት ቤቱ ቱቦ ሥር በደንብ ይገፋ ነበር። ሰው ጠርቼ በሲሚንቶ አስደፈንኩት፣ ክዳኑንም አስገጠምኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ምንም አልነበረም። ትናንት ሌሊት ግን 11 ሰዓት ላይ ሳላቸውን ሰማሁ፣ ቀጭ ቀጩንም ሰማሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ቀጠን ያለ ሽታ መጣ። ከየት ሊሆን ይችላል?


ከ፦ መፍቻ

ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ ቱቦው ግድግዳው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለችውን ክብ ፕላስቲክ አውጥተሽ አይተሻል?


ከ፦ ሦስተኛ ፎቅ

አላየሁም። ስልኩን ቻርጅ አድርጌ በመብራቱ ላየው ነው።